ንግሥቲቷ አልታመመችም፣ እንቅልፏ ነው የመጣው

ከፍራንክፈርት አንዲት እናት የጻፈችልኝ ባጭሩ ይኸው። «ለ11 ዓመት ልጄ ልደት ጉንዳን ገዛንላት። አንዲት ንግሥትና 15 ገደማ ሠራተኞች፣ ላሲዩስ ኒገር የሚባሉት ናቸው። ሰመሩን ደህና ነበሩ። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ግን ምግብ አይነኩም፣ በሚኖሩበት ቱቦ ውስጥ ውሃውን የሚይዘው ጥጥ ጋ ተከምረው ይውላሉ፣ እንቁላሉም ጠፋ። ማር፣ ከወጥ ያወጣሁት ሥጋ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ሰጠኋቸው፤ ሁሉም ሻገተ። ልጄ በቀን አምስት ጊዜ በስልክ መብራት እያየች ታለቅሳለች። ልትሞት ነው እንዴ? ደግሞ ለገና አገር ቤት ስንሄድ የዚያን ትልልቆቹን ጉንዳኖች እናምጣ እያለችኝ ነው።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽን አረጋጊያት። የዘረዘርሽው የሕመም ምልክት አይደለም፣ የወቅት ነገር ነው። ይሄ ዝርያ የአውሮፓን ብርድ የለመደ ነው። ብርዱ ሲቃረብ ንግሥቲቷ እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ ሠራተኞቹ ይፈዛሉ፣ ምግብም ይቀንሳሉ። ቤትሽ ሂተር ቢበራም ሰውነታቸው ወሩን ያውቀዋል። እንደውም በደንብ ከተያዘች አብራችሁ የምትከርም ናት፤ በሰው እጅ ሆና ከ28 ዓመት ተኩል በላይ የኖረች የዚሁ ዝርያ ንግሥት ተመዝግባለች። ልጅሽ አግብታ ወልዳም ልታያት ትችላለች።

ችግሩ ያለው ደግነታችሁ ላይ ነው። አገር ቤት አመድ ነስንሰን የምናባርረውን ፍጥረት እዚህ ዩሮ ከፍለን ስንገዛው እንደ እንግዳ ብላ ብላ ማለት ያምረናል። እንጀራውንና ሥጋውን ዛሬውኑ አውጪ። የወጥ ሥጋ ጨውና በርበሬ አለው፣ ለእነሱ ምግብ አይደለም። እንጀራውም የሻጋታ ቤት ከመሆን በቀር የሚፈይደው የለም።

እንዴት እንደሚበሉ ካወቅሽ መጠኑ ራሱ ይገባሻል። የሠራተኛዋ ወገብ ክር ነው የሚያክለው፣ ጠጣር ነገር በዚያ አያልፍም፤ ስለዚህ እሷ የምትኖረው በፈሳሽ ነው። የሞተ ዝንብ ስትጎትት ብታያት ለራሷ እንዳይመስልሽ፣ ለእጮቹ ነው፣ የሚያድጉት እነሱ ናቸውና። ፈሳሹንም ቢሆን ብቻዋን አትበላውም። ለሌሎቹ የምትይዝበት ሌላ ሆድ አላት፤ እዚያ ሞልታ ትመለስና ለእህቶቿ በአፏ ታካፍላለች። ሁለቱ አፍ ለአፍ ገጥመው አንቴናቸውን እያርገበገቡ ሲቆሙ ካየሽ ጉርሻ ላይ ናቸው። አንዲት ወጥታ ጠጥታ ከተመለሰች ቤቱ በላ ማለት ነው። የጠገበችውን በሆዷ ትለያታለሽ፤ ሲነፋ ጥቁሮቹ ቀለበቶች ይራራቁና በመካከላቸው ፈዘዝ ያለ ስስ ቆዳ ብልጭ ይላል። ለልጅሽ ማጉያ መነጽር ግዢላትና ይህንን ትፈልግ።

መጠኑን ልንገርሽ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በጥብጪ። የምስር ፍሬ የምታክል ጠብታ ፎይል ላይ አድርገሽ ቱቦው አፍ ጋ አስቀምጪ፣ በማግስቱ አውጪው። ጠብታው ከተለቀ ይሰምጡበታል። ጸደይ ላይ እጭ ማሳደግ ሲጀምሩ ደግሞ ሙዝ ላይ የምታንዣብበዋ ትንሽ ዝንብ፣ ወይም አንዲት የፌንጣ እግር፣ በሳምንት ሁለቴ ትበቃለች። ለ15 ጉንዳን ይሄ ድግስ ነው። ከግቢ የተለቀመ ነፍሳት አትስጪ፣ መርዝ የተረጨበት ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ማሩን ብቻ።

የስልኩን መብራት ተዉት። በየሰዓቱ የሚበራበትና የሚነቀነቅ ቤት ሠራተኞቹን ያስደነግጣል፣ ሲደነግጡ ደግሞ የገዛ እንቁላላቸውን ይበሉታል። የእናንተው እንቁላል ወይ በዚህ ሄዷል፣ ወይ ተፈልፍሎ እጭ ሆኗል፤ ነጫጭ ትንንሽ ትል የመሰሉ ነገሮች ካሉ ሁለተኛው ነው። ቱቦውን በቀይ ፕላስቲክ ጠቅልይው፣ ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያቸውም። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይም አታስቀምጪው።

ቀጥሎ ማስተኛት ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ይቆዩ፣ ከዚያ ከኖቬምበር እስከ ማርች መጨረሻ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቦታ። ኬለራችሁ፣ ማለትም ምድር ቤታችሁ፣ ያን ያህል ከቀዘቀዘ ጥሩ፣ ካልሆነ ፍሪጅ። በረንዳ አይሆንም፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይሰብረዋል። ካርቶን ውስጥ አድርገሽ ላዩ ላይ በትልቁ ጻፊበት፣ አለበለዚያ ባለቤትሽ ፍሪጅ ሲያጸዳ ይጥለዋል። ምግብ የለም። ውሃ ግን የግድ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከጥጡ ጀርባ መኖሩን እዪ። እኔ ነፍሳት በማራባት እንጀራ የምበላው ሰውዬ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት «ተኝተዋል» ብዬ ወር ሙሉ ሳላያቸው ከርሜ ጥጡ ድርቅ ብሎ ጠበቀኝ። ከነንግሥቲቷ አንዲት አልተረፈችም።

ጥጡ ቢጠቁር አራግፈሽ አታውጫቸው። አዲስ ቱቦ ውሃና ጥጥ አድርገሽ አፍ ለአፍ አጋጥሚው፣ አዲሱን ሸፍኚ፣ አሮጌውን ብርሃን ላይ ተዪው። በቀናት ውስጥ ራሳቸው ይጓዛሉ። ትልቁን የመስታወት ቤት ግን 50 እስኪሞሉ አትክፈቺላቸው፤ ሻጮች መጀመሪያ የሚያሻሽጡት እሱን ነው።

የገናው ነገር አይሆንም በያት። በ2025 ጎረቤት ኬንያ ውስጥ እንኳ አራት ሰዎች ንግሥት ጉንዳኖችን በድብቅ ሊያወጡ ሲሉ ተይዘው እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም አንድ ዓመት እስር ተፈርዶባቸዋል። ትልልቆቹን ካማራት አያቷ ግቢ ሰልፋቸውን ቁጭ ብላ ትያቸው፣ አያቷ አመዱን ይዘው ሳይደርሱ።