ስኳሩን በማር ቀየርኩት፣ ኩኪሱ ግን ትሪው ላይ ፈሰሰ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኩኪስ ናቸው፣ ያውም ስለ ጣፋጩ። ነጭ ስኳር ትቶ በማር፣ በቴምር፣ በሙዝ መጋገር የሚፈልግ ሰው በዝቷል፣ በጣም ደስ ይለኛል። ግን ደብዳቤዎቹን ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳሰበኝ፣ «ተፈጥሯዊ» ሲባል «የፈለጉትን ያህል የሚበላ» ተደርጎ እየተወሰደ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰፋ አርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ኩኪስ ነፍሳቸው ነው። ስኳር ልቀንስላቸው ብዬ የድሮው ሬሲፒዬ ላይ ያለውን አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ማር ቀየርኩት። ኦቨን ከገባ 10 ደቂቃ ሳይሞላው ሁሉም ፈሶ እርስ በርሱ ተያያዘ፣ ስሩ ጠቆረ፣ መሀሉ ደሞ ገና ሊጥ ነው። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ማርና ስኳር በኩባያ እኩል ስላልሆኑ ነው። አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ያህል ይመዝናል፣ አንድ ኩባያ ማር ግን 340 ግራም ገደማ ነው፣ ከዛ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው፣ ስታሰይው 280 ግራም አካባቢ ይመጣል። አየሽ አይደል፣ ልቀንስ ብለሽ ጭራሽ 80 ግራም ጨምረሻል። በዛ ላይ ማር ውስጥ ከ17 እስከ 18 በመቶ ውሃ አለ፣ ስለዚህ ሳታውቂው 60 ግራም የሚጠጋ ውሃ ሊጡ ላይ ደፍተሻል ማለት ነው፣ የፈሰሰብሽ ለዛ ነው። የጠቆረው ደሞ ማር ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር አይነት ስለሚበዛበት ነው፣ ፍሩክቶስ ከተራው ስኳር ባነሰ ሙቀት ይጠቁራል፣ መሀሉ ሳይበስል ውጪው ይቀድማል።

የተለመደው ልኬት ለአንድ ኩባያ ስኳር ሶስት አራተኛ ኩባያ ማር የሚለው ነው። ኩኪሱ በዛ ልኬት ይሳካል፣ ግን አስቢው፣ ያ ራሱ 255 ግራም ማር ነው፣ ውስጡ ያለው ስኳር 210 ግራም አካባቢ፣ ካወጣሽው ስኳር ጋር ያው ነው። ስለዚህ ሀሳብሽ የምር መቀነስ ከሆነ ግማሽ ኩባያ አርጊው፣ ወደ 140 ግራም ይወርዳል። ማር ላይ ያለው ፍሩክቶስ ምላስ ላይ ከስኳር በላይ ስለሚጣፍጥ ቅናሹ የምትፈሪውን ያህል አይታወቅም፣ ቫኒላና ቀረፋ ከጨመርሽበት ደሞ ከነጭራሹ ላይነቁብሽ ይችላሉ። ቁንጥር ጨውም አትርሺ፣ ጨው ጣፋጩን ያጎላዋል።

ከዛ ሬሲፒው ላይ ወተት ወይ ውሃ ካለ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሺለት፣ ከሌለ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሪ። ማር አሲድነት ስላለው ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጣል አርጊበት። ኦቨኑን ደሞ በ15 ዲግሪ ዝቅ አርጊው፣ 180 ላይ የምትጋግሪ ከነበረ 165 በቂ ነው። ሊጡን ሸፍነሽ ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፊው፣ ይሄን እንዳትዘልዪው፣ ቅቤው ሲጠነክር ነው ኩኪሱ ቅርፁን ይዞ የሚቆየው። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ በጣትሽ ጫን ብለሽ እይው፣ የጣትሽ ምልክት ሊጡ ላይ መቅረት አለበት እንጂ ሊጡ ጣትሽን ተከትሎ መምጣት የለበትም፣ ከተከተለሽ ገና ነው፣ ወደ ፍሪጅ መልሺው።

አንድ ነገር ደሞ ላስጠንቅቅሽ፣ የማር ኩኪስ ኦቨን ውስጥ እያለ አይደርቅም። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን፣ መሀሉ ግን ገና ለስላሳ ሲመስልና «ትንሽ ይቆይ» ስትዪ፣ በቃ እሱ ነው የማውጫው ሰዓት። ትሪው ላይ እንዳለ 5 ደቂቃ ተይው፣ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። አብዛኛው ሰው ስሩን የሚያሳርረው እቺን 5 ደቂቃ ባለማመን ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ የስኳር ህመም አለበት። እህቶቼ በማርና በቡናማ ስኳር ኩኪስ እየጋገሩ «አባዬ ይሄ ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አይልህም» ብለው ይሰጡታል፣ እሱም ደስ ብሎት አምስት ስድስት ይበላል። እኔ ግን እየፈራሁ ነው። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ ፍርሃትህ ልክ ነው፣ እህቶችህም ከፍቅር ነው የሚያረጉት፣ ስለዚህ ሳትቆጣ አስረዳቸው። ነጭ ስኳር ሆድ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል። ማር ውስጥ ያሉትም በብዛት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፣ ልዩነቱ ንቧ ቀድማ ስለከፈለቻቸው ብቻ ነው። ቡናማ ስኳር ማለት ሞላሰስ፣ ማለትም ስኳር ሲመረት የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ፣ ያለበት ስኳር ነው፣ የኮኮናት ስኳር የሚባለውም አብዛኛው ክፍሉ ያው የምናውቀው ስኳር ነው። አጋቭ ከሚባለው ተክል የሚወጣው አጋቭ ሲረፕ ግሉኮሱ ትንሽ ስለሆነ የደም ስኳርን ቶሎ አያሻቅብም እውነት ነው፣ ግን በብዛት ፍሩክቶስ ነው፣ ፍሩክቶስ ሲበዛ ደሞ ጫናው ጉበት ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን፣ ሲረፕን፣ የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር ሁሉ ከነጭ ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የቆጠረው። በቀን ከምናገኘው ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፣ ቢቻል ደሞ ከ5 በመቶ በታች፣ ይሄ ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ 6 የሻይ ማንኪያ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ብቻውን 17 ግራም ስኳር አለው። እንግዲህ ይሄ ጤነኛ ለሆነ ሰው ነው፣ ለአባትህ ደሞ የበለጠ ያሳስባል።

ታዲያ አባዬ ኩኪስ አይቅመስ ወይ? እኔ እንደዛ አልልም፣ አንድ አዛውንት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲበላ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያይ ደስ አይልም። ስኳሩ ከአሰር ጋር፣ ማለትም ከፋይበር ጋር እንዲመጣ አርጉት፣ መጠኑን ደሞ ቀንሱት። እኔ የምወደው በቴምር የሚሰራውን ነው። 200 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር 100 ሚሊ ሊትር በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ትነክራለህ፣ ከነውሃው በብሌንደር ትፈጨዋለህ፣ ብሌንደር ከሌለም በሹካ ይደቆሳል፣ ትንንሽ ጓል ቢቀርበት እንደውም ይጣፍጣል። 100 ግራም የለሰለሰ ቅቤ፣ 1 እንቁላልና 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ጨምረህ በደንብ ትመታዋለህ፣ ከዛ 160 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም አጃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ቁንጥር ጨው ታስገባለህ። ሊጡ ለስላሳ ስለሚሆን እንዳትደነግጥ፣ ዱቄትም አትጨምርበት፣ ያልተነፋ ዱቄትና አጃ ውሃ የሚመጥጡት ቀስ ብለው ነው፣ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ካረፈ ራሱ ይያያዛል። በማንኪያ 24 ቦታ አካፍለህ በእርጥብ ጣት ጠፍጠፍ አርገው፣ ምክንያቱም የቴምር ኩኪስ እንደ ስኳሩ በራሱ አይዘረጋም፣ በምን አይነት ቅርፅ ካስገባኸው በዛው ነው የሚወጣው። 175 ዲግሪ ላይ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ።

ቴምር ከመቶ ግራሙ 65 ግራም የሚሆነው ስኳር ነው፣ ከዛ ጋር ግን 7 ወይ 8 ግራም አሰር አለው፣ ማር ግን አሰር የሚባል ነገር የለውም። በዚህ ሂሳብ አንዱ ኩኪስ ላይ ከቴምሩ የሚመጣው ስኳር ከ5 እስከ 6 ግራም ነው። ዱቄቱና አጃውም ሆድ ገብተው ወደ ግሉኮስ እንደሚቀየሩ ግን እንዳትረሳ፣ ስለዚህ ስድስት አይደለም፣ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፣ እሱም ከምግብ በኋላ። መለኪያ ካላችሁ ከመብላቱ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ ለኩና ቁጥሩን ለሐኪሙ አሳዩት፣ የሱ ሰውነት እንዴት እንደሚቀበለው ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚነግራችሁ። ኩኪስ ቀየርን ብላችሁ መድሃኒቱን በራሳችሁ እንዳትነኩ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 9 ወሯ ነው። ስኳር እንዳይነካት ብዬ በትንሽ ማር ብስኩት ጋግሬ በወተት አርሼ ልሰጣት አስቤ ነበር፣ እናቷ ግን ተቆጣችኝ። ማር መድሃኒት አይደል እንዴ ልጄ?

መልስ፦ እማማ፣ እዚህ ላይ ከልጅዎ ጋር ነኝ፣ እንዳይቀየሙኝ። ከ12 ወር በታች ላለ ህፃን ማር በፍፁም አይሰጥም፣ ተጋግሮም ቢሆን። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ለኛ ምንም አያረገንም፣ የህፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ እዛ አድጎ መርዝ ያመነጫል፣ ህፃኗን ያዝላታል፣ መጥባት ያቅታታል፣ እስከ መተንፈስ ድረስ ሊያግዳት ይችላል። ዘሩ ደሞ ሙቀት ይችላል፣ ብስኩት ኦቨን ውስጥ ሲበስል መሀሉ የሚደርስበት ሙቀት አይገድለውም። ከዚህ በፊት ቀምሳ ከነበረና የሆድ ድርቀት፣ መዛል ወይ የለቅሶዋ ድምፅ መድከም ካዩባት ዛሬውኑ ሐኪም ጋር ይውሰዷት።

ለሷ የሚሆነው ሙዝ ነው። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የወጣበት፣ እጅ ሲነካው የሚለሰልስ፣ ሰው «ይሄማ አልፎበታል» ብሎ የሚተወው እሱ ነው ምርጡ፣ ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ሌላ ጣፋጭ አያስፈልገውም። ሁለት ሙዝ በሹካ ደቁሰው ከአንድ ኩባያ በደንብ ከደቀቀ አጃ ጋር ያዋህዱት፣ በቀጭኑ ጠፍጠፍ አርገው 175 ዲግሪ ላይ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ለስላሳ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ለድድ ይመቻል። አጃ ቀምሳ የማታውቅ ከሆነ መጀመሪያ በትንሹ ያስለምዷት፣ ስትበላም አጠገቧ ይሁኑ። ለውዝ ወይ ዘቢብ ግን እንዳያስገቡበት፣ ያንቃታል። ሁለት አመት እስኪሞላት ድረስ የተጨመረ ስኳር ባታውቅ ይመረጣል፣ እስካሁን በዚህ የጠበቋት ጥበቃ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በስኳር ፋንታ ስቴቪያ የሚባለውን ከቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ ተጠቅሜ ስጋግር ኩኪሱ ገርጥቶ፣ አብጦ፣ እንደ ደረቅ ኬክ ሆኖ ይወጣል። ጥርስ ላይ ቀጭ የሚለውን ነገር እንዴት ነው የማገኘው?

መልስ፦ ስኳር ኩኪስ ውስጥ ጣፋጭ ብቻ አይደለም እኮ፣ ብዙ ስራ ነው ያለው። ከቅቤ ጋር ስትመቺው የስኳሩ ፍሬ ቅቤው ውስጥ አየር ያስገባል፣ ኦቨን ውስጥ ይቀልጥና ሊጡን ይዘረጋዋል፣ ይጠቁራል፣ ሲቀዘቅዝ ደሞ ተመልሶ ይጠነክራል፣ ያ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ስቴቪያ ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ስለሚጣፍጥ የምትጨምሪው ቁንጥር ነው፣ እና የዛ ሁሉ 200 ግራም ስኳር ቦታ ባዶ ቀረ ማለት ነው፣ ማን ይዘርጋው? ማንስ ያጥቁረው? ኤሪትሪቶል የሚባለው ሌላው የስኳር ምትክ መጠን አለው፣ ከስኳር ጋር በክብደት ሊተካካ ይችላል፣ ግን ጣፋጭነቱ ከስኳር ከ60 እስከ 70 በመቶ ነው፣ ምላስ ላይም ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዱ ሰው አይወደውም። ዛይሊቶል የሚባለውን የስኳር ምትክ የምትጠቀሚ ከሆነ ደሞ ቤት ውሻ ካለ ፍርፋሪውም እንዳይደርሰው፣ ለውሻ መርዝ ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ቀጭ የሚል ኩኪስ ካማረሽ ስኳሩን ጨርሰሽ አታውጪው። ከሬሲፒው ላይ ሩቡን ወይ ሲሶውን ብቻ ቀንሺ፣ ሌላ ምንም ሳትነኪ፣ ብዙው ሬሲፒ ይሄን ይችላል። ከዛ በቀጭኑ ዳምጠሽ በትንንሹ ቁረጪው፣ ትንሽ ኩኪስ በቁጥር ሁለት ሲበላ እንኳን ከአንዱ ትልቅ ያነሰ ነው። ለክብደት ብለሽ ከሆነ ስቴቪያ የጀመርሽው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ካሎሪ የሌላቸውን ማጣፈጫዎች፣ ስቴቪያንም ጨምሮ፣ ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀምን እንደማይመክር አሳውቋል፣ ምላሳችንን ቀስ በቀስ ከጣፋጭ ማላቀቁ ይሻላል ነው ነገሩ። እሱ ደሞ ይቻላል፣ በየጊዜው 20 20 ግራም እየቀነስሽ ሂጂ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የድሮውን ሬሲፒ ብትቀምሺው ራሱ ይከብድሻል።

ጥያቄ፦ የሙዝና የቴምር ኩኪስ ቶሎ ሻገተብኝ፣ ስንት ቀን ነው የሚቆየው?

መልስ፦ እርጥበት ስላላቸው ውጪ ከ2 ቀን በላይ አታቆዪያቸው፣ በደንብ ሳይቀዘቅዝም ክዳን ያለው እቃ ውስጥ አትክተቺ፣ እንፋሎቱ ነው የሚያሻግተው። ፍሪጅ ውስጥ 5 ቀን ያህል ይቆያሉ። ከሁሉ የሚሻለው ሊጡን በኩኪስ መጠን አርገሽ ትሪ ላይ ማቀዝቀዝና ሲደርቅ ፌስታል ውስጥ አርገሽ ፍሪዘር ማስቀመጥ ነው፣ እስከ 3 ወር ይሄዳል። ባማረሽ ቀን አራት አምስቱን አውጥተሽ ሳታሟሚው ኦቨን ክተቺው፣ ከወትሮው 2 ደቂቃ ብቻ ጨምሪለት። ልጆቹ ከፍሪዘር ሊጡን እየሰረቁ እንዳይበሉ ብቻ ተከታተያቸው፣ ጥሬ እንቁላልም ጥሬ ዱቄትም ያሳምማል።