ካንሰርና ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

የሞለኪውላር ባዮሎጂ ሥራዬ የሚያተኩረው በፕሮቲኤዞችና በካንሰር ግንኙነት ላይ ነው። ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር)፦ ፕሮቲኤዝ ምንድን ነው? እርስዎስ ካንሰርን ለማጥናት ለምን በዚህ በኩል ገቡ?

መልስ፦ ፕሮቲኤዝ በፕሮቲን ውስጥ አሚኖ አሲዶችን ያያያዘውን ሰንሰለት የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። በሰው ጂኖም ውስጥ ከ500 በላይ ፕሮቲኤዞች ይገኛሉ፤ ምግብ የሚፈጩት፣ ደም የሚያረጉት፣ ቁስል ሲሽር የተጎዳውን ሕብረ ሕዋስ የሚጠርጉት ከእነዚሁ መካከል ናቸው። እኔን የሳበኝ የተቆረጠ ፕሮቲን ተመልሶ የማይቀጠል መሆኑ ነው። በዚህም ምክንያት ሰውነት ብዙዎቹን በቦዘነ መልክ ሠርቶ ያቆያቸዋል፤ ሥራ ከጀመሩም በኋላ የሚያግዷቸው ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ካንሰር ሲነሣ ይህ ቁጥጥር ይላላል፤ የምርምሬ ዋና ጥያቄም እንዴት እንደሚላላ ማወቅ ነው።

ጥያቄ (ነርስ)፦ ዕጢ ከተነሣበት ቦታ ወደ ሌላ አካል የሚዛመተው እንዴት ነው?

መልስ፦ የካንሰር ሕዋስ ወደ ደም ሥር ለመግባት ከሥሩ የተነጠፈውን፣ በአብዛኛው ከአራተኛው ዓይነት ኮላጅን (ሕብረ ሕዋስን የሚያጸና ፕሮቲን) የተሠራውን ስስ ሽፋን ማለፍ አለበት። ይህን ሽፋን ከሚቆርጡት መካከል ዋነኞቹ በመሐላቸው የዚንክ አቶም የያዙት ሜታሎፕሮቲኤዞች ናቸው። የመጀመሪያውን ኮላጅን ቆራጭ እ.ኤ.አ. በ1962 ጀሮም ግሮስና ቻርልስ ላፒየር ያገኙት የካንሰር ዕጢ ሲመረምሩ ሳይሆን፣ የእንቁራሪት እጭ ሲያድግ ጅራቱ እንዴት እንደሚጠፋ ሲያጠኑ ነበር። አንድ ነገር ልጨምርልሽ እህቴ፦ ኢንዛይሙን ብዙ ጊዜ የሚያመነጨው ካንሰሩ ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያሉ ጤነኛ ሕዋሳት ናቸው፤ ካንሰሩ በሚልከው መልእክት ይቀሰቅሳቸዋል።

ጥያቄ (የፋርማሲ ተማሪ)፦ ታዲያ እነዚህን ኢንዛይሞች የሚያግድ መድኃኒት ቢሰጥ ስርጭቱ አይቆምም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የታሰበው ይኸው ነበር። እንደ ማሪማስታት ያሉ፣ ዚንኩን በመያዝ ኢንዛይሞቹን የሚያግዱ መድኃኒቶች በብዙ ሕሙማን ላይ ተሞክረው የተጠበቀውን ያህል ዕድሜ አላራዘሙም፤ ብዙዎቹንም ለመገጣጠሚያና ለጡንቻ ሕመም ዳረጓቸው። አንደኛው ምክንያት መድኃኒቱ በአብዛኛው የተሰጠው ካንሰሩ አስቀድሞ ለተሠራጨባቸው ሰዎች መሆኑ ነው። ሁለተኛውና በእኔ አስተያየት ይበልጥ ከባዱ ምክንያት ግን መድኃኒቶቹ ብዙ ኢንዛይሞችን በአንድነት ማገዳቸው ሲሆን፣ ከእነዚያ ውስጥ ሰውነትን ከዕጢ የሚከላከሉ እንዳሉ ቆይቶ ታወቀ፤ ለምሳሌ ስምንተኛው ሜታሎፕሮቲኤዝ የሌላቸው ወንድ አይጦች በቆዳ ዕጢ ይበልጥ ተጠቅተዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኛው ኢንዛይም፣ የትኛውን ፕሮቲን፣ በየትኛው የበሽታው ደረጃ እንደሚቆርጥ ነው። ይህ ማለት መንገዱ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የሕዋስን አሮጌ ፕሮቲን የሚሰባብረውን ፕሮቲአሶም የሚያግደው ቦርቴዞሚብ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ መልቲፕል ማየሎማ ለተባለው የደም ካንሰር ሕክምና ተፈቅዷል። የማየሎማ ሕዋሳት ፀረ እንግዳ አካል በገፍ ስለሚሠሩ፣ የሚወገደው ፕሮቲን ሲጠራቀምባቸው ከሌሎች ሕዋሳት ቀድመው ይሞታሉ።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ከዘጌ)፦ በሐይቁ ዳር የሚዋኙ ልጆች የሚይዛቸው ቢልሃርዚያ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በአሠራር ይገናኛል። ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃ ውስጥ የሚዋኘው እጭ የሰውን ቆዳ የሚያልፈው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም እያመነጨ ነው። ከፊኛ ካንሰር ጋር መያያዙ የተረጋገጠው ግን የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃው ዓይነት ነው፤ በጣና ዳርቻ የሚታወቀው የአንጀቱ ዓይነት ነው። ቢሆንም ጉበትን ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ ልጆቹን ማስመርመርና ማሳከም ይገባል።

ጥያቄ፦ ፓፓያ ፕሮቲኤዝ አለው ይባላል። ካንሰርን ያድናል?

መልስ፦ አያድንም። በፓፓያ ወተት ውስጥ ያለው ፓፔይን ሥጋ ያለሰልሳል እንጂ ዕጢን አይፈውስም፤ በዚህ ተስፋ ሕክምና የሚያዘገዩ ሰዎች መኖራቸው እጅግ ያሳስበኛል።

ጥያቄ (የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ)፦ ውድ መሣሪያ በሌለበት ላቦራቶሪ ይህን ጥናት መጀመር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በዛይሞግራፊ ጀምር፤ ይህ ፕሮቲኤዝን በጄል ላይ ቆርጦ በሚተወው ምልክት የምትለይበት ዘዴ ነው። ጄሉን (ፕሮቲኖች በመጠናቸው የሚለዩበትን ልም ንጣፍ) ስታዘጋጅ ጄላቲን ትቀላቅልበታለህ፤ ናሙናዎቹን ሳታፈላ በኤሌክትሪክ ታስኬዳለህ፤ ከዚያም ኢንዛይሙን ያቦዘነውን ኤስዲኤስ የተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል፣ ትራይተን በተባለ ለዘብተኛ ሳሙና አጥበህ ታወጣና ጄሉን ካልሲየም ባለበት ቡፈር (አሲድነቱ በቀላሉ በማይለዋወጥ ፈሳሽ) ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ታሳድረዋለህ። ኩማሲ በተባለው ፕሮቲንን በሚያቀልም ሰማያዊ ቀለም ስትቀባው ጄሉ በሙሉ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ኢንዛይሙ ጄላቲኑን በበላበት ቦታ ብቻ ነጣ ያለ መስመር ይታያል። ሌሊት መብራት ከጠፋ መስመሩ ይደክማልና ንጽጽርህ ሁልጊዜ በአንድ ጄል ላይ ይሁን። ከዚያ ከጄሉ አንዱን ቁራጭ ለይተህ እንደ ዚንክና ካልሲየም ያሉ ብረቶችን አንቆ የሚይዘው ኢዲቲኤ በተጨመረበት ቡፈር አሳድረው፤ መስመሩ በዚያኛው ላይ ከጠፋ ቆራጩ ከሜታሎፕሮቲኤዞች ወገን የመሆኑን ጥሩ ማስረጃ አግኝተሃል፣ ካልጠፋ ደግሞ የሴሪን ፕሮቲኤዞችን በሚያግደው ፒኤምኤስኤፍ ሞክር።