ጀልባ ላይ ለሚኖረው ወንድማችን፦ ታኅሣሥና ጥር ኤጅያን ባሕር ላይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። ግሪክ አገር ላቭርዮ ወደብ ላይ አንዲት 9 ሜትር የሆነች አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝተህ እየኖርክባት ነው። ታኅሣሥንና ጥርን ከደሴት ደሴት እየተዘዋወርክ ማሳለፍ፣ ከሆነልህም ቀርጤስ መድረስ አምሮሃል። «በክረምት አየሩን እያዩ ጉዞ እንዴት ነው የሚታቀደው?» ነው ያልከው። እኔ የመርከብ ሞተረኛነቱን ከተውኩ በኋላ ሁለት ክረምት እዚያው አካባቢ፣ ጓደኛዬ ጀልባ ላይ ኖሬአለሁ። አሁን ሰንዳፋ ነኝ። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ጋቢ ለብሶ ስለ ባሕር መምከር ትንሽ ያስቃል። ቢሆንም ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሀገር ቤት የለመድከውን ሰማይ እርሳው። ለእኛ ታኅሣሥ በጋ ነው። ዛሬ ጥርት ካለ ነገም ጥርት ይላል። ኤጅያን ላይ ግን በዚያ ወር የጠራ ሰማይ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ክፉ ነፋስ ነው። እኔን መጀመሪያ ያሞኘኝ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር ከጣሊያን ወይም ከሊቢያ በኩል እየተከታተለ ወደ ምሥራቅ ያልፋል። ከፊቱ የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል። ሞቅ ያለ፣ እርጥብ፣ ዝናብ ያዘለ ነው። ባሮሜትሩ (የአየር ግፊት መለኪያው) ይወርዳል። ከዚያ ቀዝቃዛው አየር ሲደርስ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሰሜን ይዞራል። ዝናቡ ያባራል። ሰማዩ ይጠራል። ሩቅ ያለው ደሴት እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው ይመስላል። እንደ እኔ ያለው «ተመስገን፣ አለፈ» ብሎ ገመድ ይፈታል። ሰሜኑ የሚበረታው ግን ያኔ ነው። የደቡቡ ሞገድም ገና አልተኛም፤ ሁለቱ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ባሮሜትር በ3 ሰዓት ውስጥ 3 ሚሊባር ከወረደ ከወደብ አትውጣ። በፍጥነት ሲወጣም እንደዚያው ፍራው።

እንግዲህ አንተ የምትፈልገው በሁለቱ መሐል ያለችውን ክፍተት ነው። የሰሜኑ ነፋስ ደክሞ፣ የሚቀጥለው ደቡብ ገና ሳይነሳ ያለችውን። አንዳንዴ አንድ ቀን ናት፣ አንዳንዴ ሦስት። ግሪኮች «የአልክዮን ቀናት» የሚሏቸው አሉ፤ በክረምቱ እምብርት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥር፣ ፀሐይ ወጥቶ ባሕሩ ዘይት የሚመስልባቸው ቀናት። ካገኘሃቸው ተጠቀምባቸው። ግን በእነሱ ተማምነህ ዕቅድ አታውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚህ ከጓሮዬ ጀርባ ጤፍ እየታጨደ ነው። ጎረቤቴ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ኅዳር ላይ ሰማዩን ሲያዩ ነው የሚውሉት፤ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣ የታጨደው መሬት ላይ ይበላሻላ። አንድ ቀን «ዛሬ ያጭዳሉ?» አልኳቸው። «ማጨዱ ምን አለው፤ ሳይመሽ እከምረዋለሁ ወይ ነው እንጂ» አሉኝ።

ጀልባም ላይ ያው ነው። ሁሉም የሚጠይቀው «ነገ መውጣት ይቻላል?» ብሎ ነው። አንተ ግን ነገ ማታ የት ታድራለህ? ከነገ ወዲያ ነፋሱ ሲገለበጥ ያ ቦታ ያስጠልልሃል? በክረምት ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ከሚጓዝበት ቀን የሚቀመጥበት ይበዛል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምመርጠው መቀመጫውን ነው። ወደብ ስመርጥም የማየው ያደረሰኝን ነፋስ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ደብተር ያዝ። ለእያንዳንዱ ወደብና ባሕረ ሰላጤ አፉ ወዴት እንደሚከፈት፣ ከየትኛው ነፋስ እንደሚከልል፣ ጨለማ ውስጥ መውጣት ቢያስፈልግ መንገዱ ነፃ መሆኑን ጻፍ። ሌላም አለ፦ ከፍ ካለ ተራራ ሥር መጠለል ሁልጊዜ ጥላ አይደለም። ሰሜን ሲበረታ ከተራራው አናት ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ ክፍት ባሕር ላይ ካለው ሊብስ ይችላል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ኪትኖስ ደሴት ላይ ሉትራ የምትባል መንደር አለች። ባሕረ ሰላጤዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይከፈታል። ከሰሪፎስ ደሴት ተነስተን ደቡብ ነፋስ ከኋላ እየገፋን ደረስን። ደሴቱ ከደቡብ ስለሚከልል ውሃው እንደ ኩሬ ነበር። መልህቅ ጣልን። ነፋሱ ሲዞር ግን ቦታው እንደማይሆን እናውቃለን። ሐሳባችን ከመዞሩ በፊት ወደ ምዕራቡ ወገን መሄድ ነበር። መቼ ይዞራል? ትንበያውን በሬዲዮ የሰማሁት እኔ ነኝ። ይዞራል ያለው በግሪክ ሰዓት 20:00 ላይ ነበር። እኔ በለመደው እጄ ደብተሩ ላይ «ሰሜን፣ 2 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ማታ 2 ሰዓት ማለቴ ነው፣ እንደኛው። ጓደኛዬ ደግሞ አቴንስ ያደገ ሐበሻ ነው። የሱ 2 ሰዓት የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። «ገና ስድስት ሰዓት አለን፣ በልተን እንሄዳለን» አለ። እኔም ምስሩን እያማሰልኩ ስለነበር አልጠየቅሁም። ሳህን ሳናነሳ መጣ። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ገባ። መልህቁ መሬት መያዝ ትቶ ይጎተት ጀመር። እንደ ምንም ሞተር አስነስተን፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን፣ አንዳችን መሪ ላይ አንዳችን ባትሪ ይዘን ድንጋዩን እያየን አደርን። ምስሩ ወለል ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ ሰዓት የምጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ብቻ ነው። ግሪክ በክረምት በሁለት ሰዓት ትቀድመዋለች፣ እኛ በሦስት። አንተም ስልክህን ከአሁኑ አስተካክል።

ትንበያውን በተመለከተ ብዙ አልልህም። የግሪክ የባሕር ሬዲዮ ጣቢያው ኦሊምፒያ ሬዲዮ በቀን አራት ጊዜ ያነባል፤ መጀመሪያ በጀልባህ ሬዲዮ ቻናል 16 ላይ ይጠራሃል። ስልክህ ላይ የአውሮፓውንና የአሜሪካውን የአየር ትንበያ ሞዴል ጎን ለጎን እይ። ሁለቱ ካልተስማሙ ቡናህን አፍላና ተቀመጥ። ከሦስት ቀን በላይ ያለውን ለግምት ብቻ ተመልከተው። የትንበያው ካርታ የሚነግርህ የነፋሱን አማካይ ፍጥነት ነው፤ ድንገት የሚበረታው ንፍሻ በዚያ ላይ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ነፋስ ከ15 ወደ 30 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ሲሄድ ጉልበቱ እጥፍ ብቻ እንዳይመስልህ፣ አራት እጥፍ ነው። ባንተ ጀልባ፣ ብቻህን ሆነህ፣ እኔ ብሆን ካርታው ላይ ከ15 ኖት በላይ ካየሁ አልወጣም። ፈሪ ይበሉኝ። ነፋሱ በቦፎርት መለኪያ 8 ሲደርስ እነዚያ ግዙፍ ፌሪዎች እንኳ ከወደብ እንዳይወጡ ይታገዳሉ።

ቀኑም አጭር ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ትወጣለች፣ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብርሃን ማለት ነው። ለመልህቅና ለመጠባበቂያ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀንስ። በ4.5 ኖት 30 ማይል ትሄዳለህ፣ ከዚያ በላይ አታስብ። ለመለማመጃ 15 ማይል እንኳ የማትሞላዋ ኬያ ደሴት አለችልህ። ለክረምቱ ግን የእኔ ምክር ሱንዮን የሚባለውን የየብስ ጫፍ ዞረህ ወደ ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ መግባት ነው። እዚያ ያለው የፖሮስ ደሴት ወደብ ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ አንድ ሳምንት ሙሉ ቢነፍስም እንቅልፍ ትተኛለህ። ኤጂና ደሴትም ቅርብ ነው።

ቀርጤስን ለሚያዝያ ተወው። ከሳንቶሪኒ ደሴት እስከ ቀርጤሱ ወደብ ሄራክሊዮን ከ60 ማይል አያንስም፤ በክረምት ቀን በጨለማ ሳትነሳ ወይም በጨለማ ሳትደርስ አይሆንም። ከኋላህ ሰሜን ይዘህ ብትወርድ ደግሞ የምትደርሰው ያ ነፋስ በቀጥታ በሚገርፈው ዳርቻ ላይ ነው።

ስለ ኑሮው ትንሽ ልበል። ከብርዱ ይልቅ የሚያስመርረው እርጥበቱ ነው። በጋዝ ስታበስል ውሃ ይተናል፤ ማታ ጣሪያው ያንጠባጥብብሃል። ፍራሽህን በየጠዋቱ አንሳና ከሥሩ አየር አስገባ። ማሞቂያ ስታበራ መስኮት ክፍት ይሁን። ከሰል አግብቶ በር መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ለኛ ሰው አይነገርም። ጓዳህ ሁልጊዜ የአምስት ቀን ስንቅና ውሃ ይኑረው። ዳቦ አለቀ ብሎ ከጥሩ ወደብ የወጣ ሰው አውቃለሁ። ሽሮ ይዘህ ከሆነ ተገላገልክ፤ አንድ ድስት፣ አሥር ደቂቃ። ጉዞ ላይ ደግሞ ኪስህ ውስጥ ዳቦ ቆሎ አይጥፋ።

በል አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ። አሁን የታሰርክበት ቦታ አፉ ወዴት ነው የሚያየው? የመልህቅህ ሰንሰለትስ ስንት ሜትር ነው? መልሱን ስትልክልኝ የመጀመሪያውን ጉዞ አብረን እናየዋለን። ሰዓቱን የምትጽፍልኝ ከሆነ ግን የማን ሰዓት እንደሆነ አብረህ ጻፍ።