ልጅሽ ሆኪ ስትጫወት ፊሽካው አንቺ እጅ ከገባ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ 12 ዓመቷ ነው። እዚህ ሆላንድ በሰፈራችሁ ክለብ ሆኪ ትጫወታለች። ክለቡ ደግሞ እንደተለመደው ወላጆችን በተራ መድቦ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጨዋታ እንድትዳኚ ስምሽን አውጥቷል። «ሕጉን አላውቀውም፣ ደችኛዬም ገና ነው፣ ከየት ልጀምር? ምንስ ለብሼ ልሂድ?» ብለሻል። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ልክ ይህን የመሰለ ኢሜይል ደርሶኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሳያስገድደኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እዳኛለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላልና ታገሽኝ።

እኔ ያደግኩት ሰላሌ ነው። ገና ሲደርስ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልገን እንቆርጥና ሩሯን እየለጋን እስኪጨልም እንሮጥ ነበር። ልጄን መጀመሪያ ሜዳ ይዣት የሄድኩ ቀን ያየሁት ያው የገና ጨዋታ ነው የመሰለኝ። አንቺም አገር ቤት አይተሽው ከሆነ ዓይንሽ ከምታስቢው በላይ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እኛ ያደግነው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን ነው። ቅልጥማችንን ቢሉንም ስቀን እናልፋለን። ዳኛ የሚባል ነገር ሰፈራችን አልነበረም። የሆኪ ኳስ ግን ከ156 እስከ 163 ግራም የምትመዝን ድርቅ ያለች ፕላስቲክ ናት። የልጅ ጥርስ ታወልቃለች። ስለዚህ ብዙው የሆኪ ሕግ ልጆቹ ሳይጎዱ ወደ ቤታቸው እንዲገቡ የተጻፈ ነው። ይህን ከያዝሽ ሕጉ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ቶሎ ይገባሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሕጉን ሸምድጂ ይልሻል። እኔ ግን መጀመሪያ የት እንደምትቆሚ ተማሪ ነው የምልሽ። የሆኪ ዳኞች ሁለት ናቸው። ሜዳው 91.40 በ55 ሜትር ነው፤ እያንዳንዳችሁ ግማሽ ግማሹን ትይዛላችሁ። ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመሽ ፊትሽን ወደ ሜዳው ስታዞሪ ያንቺ ግብ በቀኝሽ በኩል ያለው ነው። ሁለተኛው ዳኛ ጓደኛሽ ከማዶ ይቆማል፤ የእሱም ግብ በእሱ ቀኝ ነው። ግቡ ፊት በመስመር የተከለለ ግማሽ ክብ አለ፤ በአንቺው ግማሽ ክብ ውስጥ ያለው ቅጣትም ሆነ ጎል ያንቺ ውሳኔ ነው። ጨዋታው ወደ እሱ ሲሄድ ደግሞ እስከ መሃል ሜዳ ተከትለሽ ትረጂዋለሽ። እሱን የሰው ጀርባ ሲጋርደው አንቺ ታያለሽና።

በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ከአቋቋም የመጣ ነው። አንዱን ልንገርሽ። ዝናብ ያረፈበት ቀን ነበር። አንዲት ልጅ ከሩቅ፣ ከግማሽ ክቡ ውጭ፣ ኳሷን በኃይል መታቻት። ኳሷ በተሰበሰቡት ልጆች መሃል ገባች፣ የአንዷን ዱላ ነካችና አቅጣጫ ቀይራ መረቡ ውስጥ አረፈች። እኔ ሜዳው ጠርዝ ላይ እንደተተከልኩ ነበር። ሁለት እጆቼን ወደ መሃል ሜዳ ዘርግቼ ጎል አልኩ። ልጆቹ ተቃቀፉ። ወዲያው ማዶ ያለው ጓደኛዬ እጁን አነሳ። ሰዓቱን አስቁሜ ሄድኩ። «የነካችው የተከላካይዋን ዱላ ብቻ ነው» አለኝ በቀስታ። በሆኪ ጎል የሚቆጠረው አጥቂ ኳሷን ግማሽ ክቡ ውስጥ ከነካት ብቻ ነው። ጎሉን ሻርኩት። ጨዋታው ከ23 ሜትሩ መስመር ላይ (ከግቡ መስመር 23 ሜትር ያህል ርቆ የተሰመረው ነው) ለአጥቂዎቹ ተሰጥቶ ቀጠለ። የዚያች ልጅ ፊት እስካሁን ይታየኛል። አምስት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ያን ደስታ ሰጥቼ አልነጥቃትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኳሷ 23 ሜትሩን መስመር ሳታልፍ እኔ ቀድሜ ገብቼ እጠብቃለሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ሩጪ። ያላየሽውን ልትዳኚ አትችዪም።

ሁለተኛው ነገር ፊሽካው ነው። አፍሽ ውስጥ አታስቀምጪው፣ እጅሽ ላይ ያዢው። አፍሽ ውስጥ ካለ ጥፋት ባየሽ ቁጥር ይነፋብሻል። እጅሽ ላይ ካለ ግን ወደ አፍሽ እስክታደርሺው አንዲት ሰከንድ ታገኛለሽ። በዚያች ሰከንድ የተበደለው ቡድን ኳሷን ይዞ መሄድ አለመሄዱን ታያለሽ። ይዞ ከሄደ አትንፊ። አንድ ክንድሽን ወደሚያጠቁበት አቅጣጫ ከፍ አድርገሽ ዘርጊና ጨዋታው ይቀጥል። ጥፋቱን አይተሽ ለእነሱ ጥቅም እንዳለፍሽው ሁሉም ይረዳል። ስትነፊ ግን ከሆድሽ ንፊ። ቀስ ብሎ የተነፋ ፊሽካ ክርክር ይጋብዛል።

አሁን ወደ ጥፋቶቹ እንግባ። ገና ከመጀመርሽ «ሹት! ሹት!» የሚል ጩኸት ትሰሚያለሽ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ ጓደኛቸውን ወደ ግብ ምቺ እያሉ የሚያበረታቱ መስሎኝ ነበር። እዚህ አገር ሆኪ ላይ «ሹት» ማለት ኳሷ እግር ነካች ማለት ነው። ወላጅም፣ አሠልጣኝም፣ ልጅም ሁሉም ይጮሃል። አንቺ ግን በጩኸት አትንፊ። ሕጉ ኳስ እግር በነካ ቁጥር ጥፋት ነው አይልም። ጥፋት የሚሆነው ተጫዋቿ በመነካቱ ከተጠቀመች ወይም ኳሷን በሰውነቷ ለማቆም ብላ ከቆመች ነው። ኳሷ የልጅቷን ጫማ ዳብሳ ለተቃራኒ ቡድን ከደረሰች ምን ያስነፋሻል? ለራሷ ጓደኛ ከተመቻቸች ግን ንፊ። እግርሽን ትንሽ አንስተሽ ቁርጭምጭሚትሽን በእጅሽ ነካ አድርጊ። ይህ ምልክቱ ነው።

የሆኪ ዱላ አንድ በኩሉ ጠፍጣፋ፣ ሌላው በኩሉ ድቡልቡል ነው። መጫወት የሚፈቀደው በጠፍጣፋው ብቻ ነው። የግራኝ ዱላ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በአንድ መልክ ነው የሚሠራው። ታዲያ ትንንሾቹ ኳሷ በግራቸው ስትመጣ ዱላውን ማዞር ይረሱና በጀርባው ይመታሉ። ድምፁ ይለያል። ሁለት ጨዋታ ከዳኘሽ በኋላ በጆሮሽ ትለዪዋለሽ። ሌላው ተጫዋች ሰውነቷን በኳሷና በተጋጣሚዋ መሃል አስገብታ መከለሏ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ እየገፋች ካስቸገረች ጥፋት ነው፤ ሁለት ክንዶችሽን ደረትሽ ፊት አጣምረሽ ታሳያለሽ። ዱላ በዱላ መምታትም አለ። ምልክቱ አንዱን ክንድ ወደ ፊትና ወደ ታች ዘርግቶ በሌላኛው እጅ መንካት ነው።

አደገኛ ጨዋታ ላይ ግን አትራሪ። ከ5 ሜትር ባነሰ ርቀት ወደ ሰው የተነሳች ኳስ አደገኛ ናት። ልጅቷ ፈርታ ጎንበስ ብትል ወይም ዘወር ብትል ያ በቂ ምልክት ነው፤ እስክትመታ አትጠብቂ። ክንድሽን ደረትሽ ላይ ሰያፍ አድርገሽ ንፊ። እዚህ ላይ የጥቅም ነገር አታስቢ። መጀመሪያ ደኅንነት ነው።

ቅጣት ምት ሲሰጥ ተጋጣሚዎች 5 ሜትር ይርቃሉ። የምትመታው ልጅ ለጓደኛዋ ማቀበል ግዴታዋ አይደለም፤ ለራሷ ገፋ አድርጋ ልትሄድ ትችላለች። ይህ ከ2009 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፤ ጨዋታውን በጣም አፍጥኖታል። አጥቂዎቹ 23 ሜትሩ ውስጥ ቅጣት ምት ካገኙ ግን ኳሷ ቢያንስ 5 ሜትር ሳትጓዝ በቀጥታ ወደ ግማሽ ክቡ መግባት የለባትም። ይህቺን በደንብ ያዣት፣ በየጨዋታው ትመጣለች።

ብዙ ሰው የሚያስፈራው ፔናልቲ ኮርነር ነው። ሆላንዶች ስትራፍኮርነር ይሉታል። ተከላካይ በግማሽ ክቡ ውስጥ ካጠፋች ይሰጣል። ጥፋቱ ሊገባ የነበረ ጎል ካስቀረ ግን ፔናልቲ ኮርነር አይደለም፤ ከ6.40 ሜትር ላይ ከበረኛ ጋር ብቻ ለብቻ የሚመታው ቅጣት ነው። ስትራፍኮርነር ስትሰጪ ሁለቱንም ክንዶችሽን ወደ ግቡ ዘርጊ። ከዚያ አትቸኩዪ። ቁጠሪ። ከግቡ መስመር ኋላ በረኛዋን ጨምሮ ከአምስት ተከላካይ በላይ እንዳይኖር፣ ሌሎቹ ከመሃል መስመር ማዶ እንዲሆኑ፣ አጥቂዎቹ ከግማሽ ክቡ ውጭ እንዲቆሙ። ኳሷ ከግቡ ቋሚ 10 ሜትር ርቃ መስመሩ ላይ ትቀመጣለች። ከግማሽ ክቡ ሳትወጣ ወደ ግብ መምታት አይቻልም። የመጀመሪያዋ ኳስ በመለጋት ከተመታች ደግሞ የግቡን መስመር ስታልፍ ከ46 ሳንቲ ሜትር በላይ መሆን የለባትም፤ ያ ከግቡ በታች በኩል ያለው ሳንቃ ቁመት ነው። ሳንቃው ላይ ስታርፍ ጓ የሚል ድምፅ አላት፣ ትሰሚያታለሽ። በታናናሾቹ ዕድሜ ክለቦች አንዳንድ ሕግ ያቀሉላቸዋልና ከጨዋታው በፊት የክለቡን ኃላፊ ጠይቂ። የጨዋታውንም ሰዓት እንደዚሁ። በዓለም አቀፍ ውድድር አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፣ የክለብ ጨዋታ ግን ይለያያል።

ስለ ደችኛሽ አትጨነቂ። እዚህ እጅ ነው የሚናገረው። ከላይ የነገርኩሽን ምልክቶች መስታወት ፊት ቆመሽ ተለማመጂ፤ እኔ ማታ ማታ ልጄ «አባ፣ እጅህ አልተዘረጋም» እያለች ታርመኝ ነበር። ልጅሽን አስተምሪኝ በያት። ደስ ይላታል፣ አንቺንም ታበረታታሻለች። መጀመሪያ አቅጣጫውን አሳዪ፣ ከዚያ ምክንያቱን። ልጆቹ ቶሎ ማወቅ የሚፈልጉት ኳሷ የማን እንደሆነች ነው።

ካርድም ይሰጥሻል። አረንጓዴው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ሁለት ደቂቃ ያስወጣል። ቢጫው አራት ማዕዘን ነው፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ። ቀዩ ክብ ነው፤ እሱን የተቀበለ ተመልሶ አይገባም። በ12 ዓመት ልጆች ላይ እኔ አንድም ቀን ቀይ አላወጣሁም። ጠራ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኗን እያየሁ «ይህ ጓደኛሽን ይጎዳታል» ስላት ይበቃል። የሚከብደው የወላጅ ጩኸት ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት ሙሉ ግማሽ ጊዜ ከጀርባዬ ቆሞ ጮኸብኝ። መልስ ብሰጠው ጨዋታውን ማየቴን አቆም ነበር። ሰዓት አስቁሜ የቡድኑን አሠልጣኝ ጠራሁና «እባክህ አነጋግረው» አልኩት። ፀጥ አለ። አንቺም ከወላጅ ጋር አትከራከሪ። ለአሠልጣኙ ወይም ለአምበሏ ንገሪ።

ለሦስቱ ሳምንት እንዲህ ብታደርጊ ጥሩ ነው። የዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን ሕጉን በድረ ገጹ በነፃ አውጥቶታል። የእዚህ አገር ማኅበር ካኤንሃቤም የመለማመጃ ጥያቄዎች አሉት፤ ልጅሽ ከጎንሽ ሆና ደችኛውን ትተርጉምልሽ። ግን ከንባቡ ይልቅ በሚመጣው ቅዳሜ ክለባችሁ ሂጂና ከአንድ ልምድ ካለው ዳኛ ኋላ፣ ከመስመሩ ውጭ ቁሚ። ኳሷን አትከተዪ። እሱን ተከተዪ። የት እንደሚሮጥ፣ መቼ እንደሚያልፍ፣ መቼ እንደሚነፋ እዪ። በሌላው ቅዳሜ ደግሞ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ያሉትን ትንንሾች እንድትዳኚ ጠይቂ። አይከለክሉሽም፤ ሁልጊዜ ሰው ይጎድላቸዋል። ጨዋታሽ ቀን ሃያ ደቂቃ ቀደም ብለሽ ድረሽና ከጓደኛሽ ጋር ተነጋገሩ። የመጀመሪያሽ መሆኑን ንገሪው። እኔን የረዳችኝ ሴት ዳኛ ነበረች፤ «ስትቸገር ወደ እኔ ተመልከት፣ በእጄ እነግርሃለሁ» ነበር ያለችኝ። እሷን ባላገኝ ሁለተኛ ሜዳ አልመለስም ነበር።

የልብሱን ጥያቄ አልረሳሁም። ከሁለቱም ቡድን ቀለም የተለየ ደማቅ ሹራብ ወይም ቲሸርት ልበሺ፤ ክለቡ የዳኛ ልብስ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቂ። ነጠላሽንና ረጅሙን ካፖርት ቤት ተዪው፣ መሮጥ አለብሽ። ብዙ ሜዳ ውሃ ይረጭበታል፣ ስለዚህ ወፍራም ካልሲና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልግሻል። ሁለት ፊሽካ ያዢ። በኅዳር ብርድ ጣት ይደነዝዝና አንዱ ከእጅሽ ይወድቃል፤ ኳሷ እየመጣች ጎንበስ ብለሽ መፈለግ አይቻልም።