ኤንኤፍቲ ምን ያህል መብራት ይበላል? ለሠዓሊዋ እህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጠያቂዋ እህታችን፣ አራት ኪሎ ባለው ስቱዲዮዎ የሠሯቸውን አሥር ሥዕሎች ወደ ኤንኤፍቲ ቀይሮ ሊሸጥልዎ የፈለገ የውጭ አገር ሰው እንደጻፈልዎ ገልጸዋል። ባልደረቦችዎ «አንዱ ኤንኤፍቲ አንድ ቤተሰብ በወር ከሚጠቀመው በላይ መብራት ይበላል» ብለው ተቃውመዋል፤ ሰውየው ደግሞ «የአገርሽ መብራት ከውኃ ስለሚመነጭ አካባቢን የሚጎዳ ነገር የለም» ብሎ መልሷል። እርስዎም ማንን ልመን ብለዋል። እኔ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ሥዕሎችን በዲጂታል የማንሳትና የማተም ሥራ እሠራለሁ፤ ኤንኤፍቲ ገበያው በጦዘበት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ለብዙ ሠዓልያን ፋይል አዘጋጅቻለሁ፣ ምዝገባውንም አብሬያቸው ተቀምጬ አስፈጽሜያለሁ። ከዚያ ልምድ ተነሥቼ ስናገር፣ የባልደረቦችዎ አባባል በጊዜው መሠረት የነበረው፣ ዛሬ ግን በአብዛኛው ያለፈበት ነው። የሰውየው መልስ ግን ያኔም ሆነ ዛሬ የሚያስኬድ አይደለም።

ኤንኤፍቲ ሥዕሉ ራሱ አይደለም። በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድነት በሚያዝ መዝገብ፣ ማለትም በብሎክቼይን ላይ፣ «ይህ ቁጥር የእገሌ ነው» ብሎ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ስለዚህ የኃይል ፍጆታውን የሚወስነው የሥዕሉ ስፋት ወይም እርስዎ የተቀመጡበት ከተማ ሳይሆን ያ መዝገብ የሚጻፍበት አሠራር ነው። እንዲህ ካሉት መዝገቦች በቢትኮይን፣ እስከ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስም በኢቴሪየም፣ አዲስ ገጽ የመጻፍ መብት የሚገኘው በውድድር ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ማሽኖች አንድ ቁጥር ለመገመት ይሽቀዳደማሉ፣ ቀድሞ ያገኘው ገጹን ጽፎ ይሸለማል፣ የቀሩት ሁሉ የፈጁት ኃይል ከንቱ ይቀራል። ለአንድ እንግዳ በሺህ ቤት ምጣድ ተጥዶ፣ የአንዱ ቤት እንጀራ ብቻ ቀርቦ የቀረው ሁሉ ሲደፋ ማለት ነው። ማሽኑ ሲበዛ ሥራው የሚፈጥን ይመስላል፤ አይፈጥንም። ቢትኮይን በየ2,016 ገጹ፣ ይኸውም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ የግምቱን ክብደት ራሱ እያስተካከለ አንድ ገጽ በአማካይ በ10 ደቂቃ እንዲጻፍ ያደርጋል። ማሽኖቹ በእጥፍ ቢበዙ የሚጻፈው ገጽ ያው ነው፣ የሚጨምረው የመብራት ፍጆታው ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ለቢትኮይን የሚሠሩት ማሽኖች ለሌላ ሥራ ስለማይሆኑ፣ ሲያረጁ ወይም በተሻለ ሞዴል ሲተኩ የሚቀሩት ቁርጥራጭ ሆነው ነው።

መጠኑን በአገራችን ልኬት ላስቀምጠው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የቢትኮይንን ዓመታዊ ፍጆታ 138 ቴራዋት ሰዓት ያህል ገምተውታል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ደግሞ ወደ 15.7 ቴራዋት ሰዓት ነው። ያ መዝገብ ብቻውን ዘጠኝ ሊሞላ ጥቂት የቀረው የሕዳሴ ግድብ ምርት ይፈልጋል ማለት ነው።

ኢቴሪየም፣ አብዛኞቹ ኤንኤፍቲዎች የተመዘገቡበት፣ ከዚህ ውድድር የወጣው መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ገጽ የሚጽፈው 32 ኢተር (የኢቴሪየም የራሱ ዲጂታል ገንዘብ) በመያዣነት ካስቀመጡት መካከል በዕጣ የሚመረጥ ስለሆነ፣ ግምትም ሆነ የማሽን እሽቅድምድም የለም፤ የኃይል ፍጆታውም ከ99.9 በመቶ በላይ ወርዷል። የባልደረቦችዎ ቁጥር የመጣው ከዚያ በፊት ከነበረው ዘመን ነው። አርቲስቱ ሜሞ አክተን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የአንድን ኤንኤፍቲ የካርቦን ድርሻ የሚያሰላ ድረ ገጽ ከፍቶ ነበር፤ ሰዎች በስም እየጠቀሱ ሠዓልያንን ማሳደጃ ስላደረጉት ከጥቂት ወራት በኋላ ዘጋው። በእኔም ስቱዲዮ በዚያው ሰሞን ሥራቸውን ያስመዘገቡ ወጣቶች ከውጭ አገር የስድብ መልእክት ሲደርሳቸው አይቻለሁ። ስድቡ ያነጣጠረው ከጨዋታው ሁሉ ትንሹን ድርሻ በያዘው ሰው ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ገበያውን ያጦዘው በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በክሪስቲስ ጨረታ ቤት በ69 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ዓይነት ሥራ እንጂ የአንድ ጀማሪ ሠዓሊ ዲጂታል ሥዕል አልነበረም።

ያን ጊዜ የነጋዴዎቹ መከላከያ «መዝገቡ እናንተ ብትመዘገቡም ባትመዘገቡም ይጻፋል፣ ስለዚህ የአንድ ኤንኤፍቲ ተጨማሪ ጉዳት ዜሮ ነው» የሚል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ የአንድ ገጽ ፍጆታ በገጹ ላይ ባለው የመስመር ብዛት አይለወጥም። ነገር ግን ማሽኖቹ የሚሠሩት ለገንዘብ ነው፣ የገንዘባቸው አንዱ ምንጭም እያንዳንዱ ተመዝጋቢ የሚከፍለው ክፍያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ተመዝጋቢው ሲበዛ ያ ክፍያ እየናረ ሄዶ፣ አንዳንድ ቀን አንዱን ሥዕል ማስመዝገብ ለእኔ ሙሉ ተከታታይ ሥራ አንሥቼና አትሜ ከምቀበለው ዋጋ ይበልጥ ነበር። ያ ገንዘብ የሄደው ወደ ሠዓሊው አይደለም፤ ማሽን ወደሚያሠሩት ነው፣ እነርሱም በትርፉ ተጨማሪ ማሽን ገዝተውበታል። ስለዚህ «ዜሮ» የሚባለው ስሌት ፍላጎት አቅርቦትን እንደሚስብ የሚዘነጋ ስሌት ነው።

አሁን ወደ ሰውየው መልስ ልምጣ፤ በእኛ አገር በብዛት የምሰማው እርሱ ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ እንደሚመነጭ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እርስዎ አራት ኪሎ ቁጭ ብለው «መዝግብ» የሚለውን ሲጫኑ ከኢትዮጵያ መብራት የሚነካው የላፕቶፕዎ ቻርጀር ብቻ ነው፤ እንደ ቢትኮይን ያለውን መዝገብ የሚጽፉት ማሽኖች በቴክሳስም፣ በካዛኪስታንም፣ በሌላም አገር ተበትነዋል፣ ብዙዎቹም ከጋዝና ከከሰል የሚመነጭ ኃይል ይጠቀማሉ።

የተወሰኑቱ ደግሞ በእርግጥ እዚሁ አገራችን ናቸው። ቻይና በ2013 ዓ.ም. ማይኒንግን፣ ማለትም ያንን የማሽን የግምት ውድድር፣ ከከለከለች በኋላ ማሽናቸውን ይዘው ርካሽ መብራት ፍለጋ ከወጡት ኩባንያዎች ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የተዋዋሉት 21 እንደሆኑና 19ኙ የቻይና መሆናቸው ተዘግቦ ነበር። ተቋሙ ኃይሉን የሚሸጥላቸው በዶላር ነው፣ ማሠራጫ መስመር ባለመድረሱ ያለ ሥራ የሚቀረውን ኃይል ገንዘብ ማድረጉንም እኔ በጭፍን አልነቅፍም። ግን ከሕዝባችን ግማሽ የሚሆነው መብራት በማያገኝበት፣ በዚሁ በከተማችን መሐል እንኳ ብዙ ቤት በከሰል በሚያበስልበት አገር፣ ከውኃ የመነጨ ኃይል ቁጥር ለመገመት ሲውል «ንጹሕ ነው» ብሎ መዝጋት አይቻልም፤ ያው ኃይል ምጣድና ምድጃ ላይ ቢደርስ የሚተርፈው ደን መቆጠር አለበት። ተቋሙም ቢሆን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አዳዲስ ማይነሮችን መቀበል ማቆሙን አስታውቋል።

ስለዚህ ለሰውየው የሚጽፉለት የመጀመሪያ ጥያቄ «በየትኛው መዝገብ ላይ?» የሚል ይሁን። ኢቴሪየም ወይም ይህ ውድድር የሌለበት ሌላ መዝገብ፣ ቴዞስ፣ ብሎ ከመለሰልዎ፣ የመብራቱ ጉዳይ እምቢ የሚያሰኝዎ ምክንያት አይደለም። ቢትኮይን ካለ ግን፣ ኦርዲናልስ በሚባለው መንገድ ከጥር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥዕል እዚያም ላይ እየተጻፈ ስለሆነ፣ ባልደረቦችዎ ያሉት ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ እኔም እንዳይስማሙ እመክራለሁ። ስሙን ሳይነግርዎ «አረንጓዴ ነው» ወይም «ካርቦኑን በዛፍ ተከላ እናካክሳለን» የሚል ከሆነ መልስ እንደነፈገዎት ይቁጠሩት።

የኃይሉ ጥያቄ ቢፈታም የተሸጠው ነገር ምንነት አይፈታም፤ ይህን ባጭሩ ልለፈው። መስመሩ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሥዕሉን ሳይሆን ሥዕሉ የተቀመጠበትን አድራሻ ነው። ኤፍቲኤክስ የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ ኩባንያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲከስር፣ በእርሱ ገበያ የተፈጠሩ ኤንኤፍቲዎች ሥዕላቸው ጠፍቶ አድራሻው ወደ ኪሳራ ጉዳይ ድረ ገጽ የሚወስድ ሆኖ ተገኝቷል። የትዊተር መሥራች የጃክ ዶርሲ የመጀመሪያ ትዊት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በ2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ፣ ከዓመት በኋላ ገዢው መልሶ ለጨረታ ሲያወጣው በመጀመሪያው ሳምንት የቀረበለት ከፍተኛ ዋጋ 280 ዶላር ገደማ ነበር። ክፍያው በክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ቢትኮይንና ኢተር ባለ ዲጂታል ገንዘብ፣ ከሆነም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ማሳሰቡን አይርሱ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። እርስዎ እንደገለጹት ሳይጠየቅ በመልእክት መጥቶ፣ ሥራዎትን አድንቆ፣ ዋጋ ሳይከራከር ሁሉንም ልግዛ የሚል «ሰብሳቢ» በእኔ ልምድ ከሞላ ጎደል ሁሌም አንድ ዓይነት ፍጻሜ አለው፤ ወደ ራሱ ድረ ገጽ ይወስድዎታል፣ ሥዕሎቹ «እንደተሸጡ» በማያው ላይ ያሳይዎታል፣ ከዚያም ገንዘቡን ለማውጣት አስቀድመው የምዝገባ ክፍያ እንዲልኩ ይጠይቅዎታል። ከደንበኞቼ መካከል በዚህ መንገድ ገንዘቡን ያጣ አለ።

ሕትመት ስለምሸጥ ጥቅሜን እንደማስቀድም ሊያስቡ ይችላሉ፣ ያንን ይመዝኑት፤ በቁጥር የተወሰነና የተፈረመ ሕትመት ከጽሑፍ ውል ጋር ቢሸጡ፣ የሥዕሎቹ የቅጅ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በእርስዎ ዘንድ መቆየቱን ውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር ይችላሉ። ሰውየው የመዝገቡን ስም ከላከልዎ እዚሁ ይለጥፉት፣ የኃይል አሠራሩ ምን ዓይነት እንደሆነ አይቼ እነግርዎታለሁ።