ለምትስሉም ለምትለኩም ልጆች

እኔ ዕድሜዬን በቅየሳ ስራ የጨረስኩ ሰው ነኝ ልጆች፣ አሁን ጡረታ ላይ ሆኜ የድሮ የመዳብ ህትመት ማየት እወዳለሁ። የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ ሳይንስ የምትማሩት ስዕል የአርቲስት ነው ትላላችሁ፣ አርት የምትማሩት ደሞ ሂሳብ ሲባል ትሸሻላችሁ።

እስቲ የዛሬዋን የቼክ ዋና ከተማ ፕራግን እዩ። የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ በ1583 (በፈረንጆቹ ነው) ቤተ መንግስቱን ከቪየና ወደዛ አዛውሮ ሰዓሊውንም የሰማይ ተመራማሪውንም የድንጋይ አዋቂውንም ሰበሰበ። በ1606 ገደማ ሰዓሊውን ሩላንት ሳቨሪን ሂድና የተፈጥሮን ብርቅ ብርቅ ነገር ስለህ አምጣ ብሎ አልፕስ ውስጥ ወዳሉት የቲሮል ተራሮች ላከው፣ ሰውየውም ፏፏቴውን፣ ገደሉን፣ የተገነደሰውን ዛፍ ስሎ መጣ፣ ከዛ የቤተ መንግስቱ የመዳብ ቀራጭ ኤጊዲየስ ሳድለር ስዕሎቹን መዳብ ላይ ቀረጻቸው።

መቅረጹ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መዳቡን በሹል ብረት እየገፉ መቦርቦር ነው፣ ቀለሙ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በሮለር ይጨመቃል፣ የሚወጣው ደሞ ግራው ቀኝ ሆኖ ነው! ጥላውም ርቀቱም በመስመር ብቻ ስለሆነ ቀራጩ ሁሉን መወሰን አለበት፣ ውሃው በምን አይነት መስመር ይውረድ፣ የቅርቡ አለት ወፍራም የሩቁ ተራራ ስስ። ኮንቱር፣ ማለትም ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር፣ የሰራ ሰው ይሄ ይገባዋል።

እዛው ግቢ ኬፕለር ነበር፣ የንጉሡ የሂሳብ ሊቅ፣ ደሞዙ እንኳ በጊዜው አይከፈለውም ነበር ምስኪን። ድልድይ ሲሻገር ኮቱ ላይ ያረፈ የበረዶ ቅንጣት አይቶ ለምን ሁሌ ስድስት ማዕዘን ሆነ ብሎ በ1611 ለወዳጁ የአዲስ አመት ስጦታ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈለት፣ ጥያቄውን ሳይቋጨው ለኋለኞቹ ተወው። ኋላ ኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ ሄዶ ደሞ ጨለማ ድንኳን ሰርቶ በሌንስ የገባውን የውጪውን ገጽታ ወረቀት ላይ እየተከተለ ይስል ነበር፣ በ1620 ያገኘው እንግሊዛዊው ዲፕሎማት ሄንሪ ዎተን ስዕሉን ሲያደንቅለት እንደ ሰዓሊ ሳይሆን እንደ ሂሳብ ሰው ነው የሰራሁት አለው።

ስለዚ ፊልድ ስትወጡ ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት እርሳስ አውጡ። አያምርልኝም አትበሉ፣ ማን እንዲያምር ጠየቃችሁ? ድሮኑ ድንጋዩንም ቁጥቋጦውንም እኩል ያነሳዋል፣ የቱ መስመር ይወፍር የሚለውን ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ለመወሰን ደሞ የገደሉ ንብርብር የት ጀምሮ የት እንደሚቋረጥ ማየት ግድ ነው። የሳድለርን ህትመቶች የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ኦንላይን ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ዙም አድርጉና መጀመሪያ ውሃውን ቀጥሎ አለቱን እዩ።