የድሮ ኮምፒውተሮች ሜሞሪና አክስለሬተር፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ከመጠየቃችሁ በፊት፦ የኮሞዶር 64 (የድሮ የቤት ኮምፒውተር ነው) የድሮ ፓወር ሰፕላይ ያላችሁ ሁሉ በቴስተር ለኩ። 5 ቮልቱ ከ5.2 ካለፈ አትሰኩት።

የፔዳው፦ ጋሼ፣ ኮሞዶር 64 ባለ 64 ኪሎባይት ነው ይባላል። ስከፍተው 38911 ባይት ብቻ ነው የሚለኝ። ቀሪው የት ገባ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! የትም አልሄደም፣ አብዛኛው ተሸፍኖ ነው። 6510 ፕሮሰሰር 16 የአድራሻ መስመር ስላለው ከ65,536 አድራሻ በላይ አያውቅም። ይህን ራሙ (የሚጻፍበትና የሚነበበው ሜሞሪ) ብቻውን ይሞላዋል። ቤዚክ (ፕሮግራም የምንጽፍበት ቋንቋ) 8 ኪሎባይት፣ ከርናል (የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) 8፣ የምስልና የድምፅ ቺፖቹ 4 ይፈልጋሉ። ስለዚህ ተደራርበዋል። የቱ ይታይ የሚለውን አድራሻ 1 ላይ ያለው ባይት ይወስናል። እንደተከፈተ 55 ነው። 54 ብታደርገው ቤዚክ ይጠፋና ከ40960 እስከ 49151 ያለው ራም ብቅ ይላል። ዝም ብለህ ግን አታድርገው። ፕሮግራምህን የሚያስኬደው ቤዚክ ስለሆነ ማሽኑ ድርቅ ይላል።

መፍትሔው ደስ ይላል። ሮም (ቤዚክ ያለበት፣ የማይለወጠው ሜሞሪ) ላይ ስትጽፍ ጽሑፉ ከሥሩ ያለው ራም ላይ ያርፋል፤ ስታነብ ሮሙን ታነባለህ። እንግዲህ ከ40960 እስከ 49151 ያለውን እያንዳንዱን ባይት በፒክ (የማንበቢያ ትእዛዝ) አንብበህ እዚያው አድራሻ ላይ በፖክ (የመጻፊያ ትእዛዝ) ጻፈው። ከዚያ አድራሻ 1ን 54 አድርገው። ማሽኑ አይቆምም፤ ቤዚኩ አሁን ራም ላይ ነው፣ እንደፈለግህ ትቀይረዋለህ። «ሬዲ» የሚለውን አጥፍተህ «ሰላም» በልበት። ሁለቱም በላቲን 5 ፊደል ናቸው፣ ልክ ይገጥማሉ።

የፖሊው፦ ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው ኮምፒውተር? ሞዴል ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

የፖሊው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሚጋ 500። አክስለሬተር (ፈጣን ፕሮሰሰር ያለው ካርድ) ልግዛ?

መልስ፦ ሜጋኸርዙን ብቻ አትይ። ካርዱ የራሱ ፋስት ራም (ፕሮሰሰሩ ከምስል ቺፖቹ ጋር የማይጋራው ሜሞሪ) አለው ወይ ብለህ ጠይቅ። ቺፕ ራሙን ፕሮሰሰሩና የምስል ቺፖቹ ይጋሩታል። 68030 የሚባለውን ፈጣን ፕሮሰሰር ብትሰካም እዚያ ሲደርስ በማዘርቦርዱ ፍጥነት ይጠብቃል። ፓወር ሰፕላዩ ካርዱን መሸከሙንም እይ።

የጎርደማው፦ ፒስቶርም (በአሚጋው ፕሮሰሰር ቦታ የሚሰካ ካርድ) በራስበሪ ፓይ (ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር) አይሻልም?

የዘንዘልማው፦ እሱማ ፕሮሰሰሩን በሶፍትዌር ማስመሰል ነው።

የጎርደማው፦ የምስልና የድምፅ ቺፖቹ እኮ ኦሪጅናሎቹ ናቸው!

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እዚህ ግን አትጨቃጨቁ፣ ሌላ ጠያቂ አለ።

የቀበሌ 14ቷ፦ ጋሼ፣ የእኔም 38911 ይላል። ራሙ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቢው።

የጊዮርጊሱ፦ ጌም ከየት ይገኛል?

መልስ፦ ሌላ ሰው ይመልስልህ። መብራት ሲጠፋ ግን ሶኬቱን ንቀል፤ እንደመጣም ወዲያው አትሰካ።

የፔዳው፦ ጋሼ፣ አሁን ለካሁት፣ 5.8 አለ። ግን ይሠራል እኮ!

መልስ፦ አሁኑኑ ንቀለው! መጀመሪያ የሚቃጠሉት የራም ቺፖቹ ናቸው። ደህና ፓወር ሰፕላይ እስክታገኝ እንዳትከፍተው።